ኮሪያዊቷ ተመልሳለች ወይስ አልተመለሰችም?

ሐምሌ 6
ሱቅ ከፈትኩ። ዳቦ ሸጥኩ። ገጽ ሠላሳ አንድ ደረስኩ... እዚህ ስደት ላይ፣ በቮስሎሩስ ሰፈር ሱቅ ካላቸው አበሾች ውስጥ የኮሪያ ልብ ወለድ የሚያነብ እኔ ብቻ ነኝ። ማንበብ የተማርኩበት የማታ ትምህርት በኮሮና ሲዘጋ መምህራችን «እንዳትረሳ» ብላ የሰጠችኝ ነው፣ በአማርኛ። እኔ ልረሳ? ፊደል ራሱ እኔን ይፈራል።

የልብ ወለዱ ሴትዮ ታበስላለች፣ ታጥባለች። ባሏ ክፉ አይደለም። ብቻ አንድ ቀን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሏት አያውቅም። ትታው ወጣች። ሽጉጥ የለ፣ የሞተ ሰው የለ... ታዲያ ለምን ማቆም አቃተኝ?

ሐምሌ 9
እህቴ መሰረት ባሏን ለገሠን ትታ እኛ ጋ መጥታለች።
«መታሽ?»
«አልመታኝም።»
«ሌላ ሴት ያዘ?»
«የለም።»
«ታዲያ ምን አደረገሽ?»
«ምንም። ከጠዋት እስከ ማታ ከሱቁ ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጬ አንዴ እንኳ...»
ይቺን ሴት የሆነ ገጽ ላይ አውቃታለሁ።

ሐምሌ 12
ቤተክርስቲያን ዝግ። የመጽሐፉ ፊልም በአማርኛ ተተርኮ በፍላሽ መጣ፤ አገሩ ሁሉ አየው። ጉድ ነው። መጽሐፉ ላይ የሌለች ክፉ አማት ጨምረው ጥፋቱን ሁሉ እሷ ላይ ጫኑት። ባልየው ንጹሕ። ዝናብ ውስጥ አለቀሰ፣ ሚስቱ ተመለሰች፣ ዘፈን። ሚስቴ ስንዱ ተንሰቀሰቀች።
«መጽሐፉ ላይ እኮ አልተመለሰችም» ብላት፣ «አንተ ማንበብ ከቻልክ ወዲህ የሰው ደስታ አይዋጥልህም» አለችኝ።

ሐምሌ 18
ሰው ቤት መሄድ ክልክል ነው። ሽማግሌ ግን ማስክ አድርጎ ይገባል። ጋሽ ፋንታሁን ለገሠን አስከትለው ለእርቅ መጡ።
«መሰረት ልጄ፣ ኮሪያዊቷን አይተሻል። ባሏ አለቀሰ፣ እሷም ቤቷ ገባች። ያንቺ አማት ደግሞ ያሉት አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ነው፣ ምን ያደርጉሻል?»
ተሳቀ። መሰረት ሻንጣዋን ማየት ጀመረች። ልትሄድላቸው ነው...
«ጋሼ፣ መጽሐፉ እንደዛ አይልም» አልኩ።
«በዓይናችን ያየነውን?»
«የመለሷት ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው። የጻፈቻት ሴት አልመለሰቻትም።»
«እስቲ አንብበው።»

ሰው ፊት አንብቤ አላውቅም። ጣቴን ከቃሉ ሥር አድርጌ፣ ማስኬ በላብ ርሶ... «ባሏ ደጅ ቆሞ እንድትመለስ ለመናት። ምን እንደምትፈልግ ግን አሁንም አልጠየቃትም። በሩን በቀስታ ዘጋችው።»

ጋሽ ፋንታሁን ወደ ለገሠ ዞሩ። «አንተስ፣ ጠይቀሃት ታውቃለህ?»
ለገሠ ሳል ጀመረ። ሁሉም ወንበሩን ከሱ አራቀ።
መሰረት ሻንጣዋን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው።

ነሐሴ 9
መሰረት ፎርድስበርግ ሰፈር ክፍል ተከራየች። ማስክ ሰፍታ ትሸጣለች። ለገሠ ይደውልላታል፤ መጠየቅ እየሞከረ ነው አለችኝ። የማታ ትምህርት ልክፈትለት ይሆን?

ዛሬ ስንዱን ለጉራ ያህል፣ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ማማሰያውን አስቀምጣ ቁጭ አለች።
ወጡ አረረ። እስካሁን እያሰበች ነው...