ሶረቲ በሚለው ስም ላይ የሰጠሁት የመጨረሻ ቃል

እኔ ወይዘሮ ወይንሀረግ ተሰማ፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ዓመት፣ አድራሻዬ በአዲስ አበባ ከተማ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ዛሬ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቴ ተቀምጬ፣ ስማቸው በግርጌ በተጻፈ አራት ምስክሮች ፊት የሚከተለውን ተናዝዣለሁ። ኩላሊቴ ደክሟል፤ አእምሮዬ አልደከመም። ቢደክምልኝማ በወደድኩ፤ ይህን ሁሉ ባላስታወስኩ። ያስገደደኝም ያባበለኝም ሰው የለም። ከዚህ በፊት ያደረግሁት ኑዛዜ የለም፤ አለ የሚል ቢመጣ ውሸቱን ነው።

ቃሌን የምትጽፈው ጠበቃዬ ወይዘሪት ማኅሌት ናት፤ ሁላችንም ማሂ እንላታለን። መጻፍ አቅቶኝ አይደለም። ስድሳ ዓመት ሲሞላኝ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ። አሁን ብዙ መጻፍ ስለሚያደክመኝ ነው። የተናገርኩትን እንዳለ እንድትጽፍ፣ «እማማ፣ ይኼ ለኑዛዜ አይሆንም» የምትለውንም እንዳታስቀር አስጠንቅቄያታለሁ።

በሕይወት ያለ አንድ ልጅ አለኝ፤ ቤካ ዋቅሹማ ይባላል። የእሱ ልጅ ኢያኤል የልጅ ልጄ ናት። ሶረቲ የምትባል ሴት ልጅም ነበረችኝ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ማጅራት ገትር ወሰዳት። ባለቤቴ አቶ ዋቅሹማ ከእሷ አስቀድሞ አርፏል። ማሂ የሞተ ሰው ከወራሾች ጋር አይጻፍም አለችኝ። ይጻፍ ብያለሁ። ጉዳዩ ሁሉ በእሷ ነው።

ቀላሉን ላስቀድም። ይህ የምኖርበት የኮንዶሚኒየም ቤት ለቤካና ለኢያኤል እኩል ይሁን። ቤካን ከውርስ የምነቅልበት ምክንያት አጥቼ አልነበረም፤ ማሂ ምክንያቱ በግልጽ መጻፍ አለበት ስትለኝ ልናገረው አፌን ከፍቼ አቃተኝ። የወለደ ሰው ይፍረደኝ።

አብነት ሰፈር ያለው የሥራ ቤት ኪራይ ስለሆነ አላወርሰውም። በውስጡ ያለው በርሜል፣ ድስት፣ ሚዛንና ማሸጊያ ማሽን ሁሉ የፀሐይቱ ነው። ፀሐይቱ ከወጣትነቷ ጀምሮ አብራኝ ሠርታለች። ሶረቲ ስታርፍ ልጄን ያጠበችልኝ እሷ ናት። በዚህ ስጦታ ላይ ማንም እንዳይከራከራት። ዕዳ የለብኝም፤ የእድሬም መዋጮ ተከፍሏል።

አሁን ወደ አዋዜው እመጣለሁ።

አዋዜ መሥራት የጀመርኩት ባለቤቴ በሞተ ማግስት ነው። ሶረቲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብልቃጦቹን በዘንቢል ይዛ ለሥጋ ቤቶች ታደርስልኝ ነበር። ሳንቲም አትሳሳትም፤ ከሥጋ ቆራጮቹ ጋር ግን ትጣላለች። አንዱ «ዛሬ ቀጥኗል» ሲላት «ሥጋህ ነዋ የወፈረው» ብላ መልሳለት ሥጋ ቤቱ በሙሉ ስቋል። ከዚያ ወዲያ የሁሉም ጥያቄ «የሶረቲን አዋዜ አምጡልኝ» ሆነ። ስሙን እኔ አላወጣሁትም፤ ሰው ነው ያወጣው። እሷ ስትሞት ስሙ አዋዜው ላይ ቀረ።

እኔም ሞኝ አልነበርኩም፤ ሙያዬን ጠብቄያለሁ። በርበሬውን አብነት ባለው በሐጂ አብዱልሃኪም ወፍጮ ቤት አስፈጫለሁ። ቅመሙን ከፊሉን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለ ወፍጮ፣ ከፊሉን ደግሞ ከሜክሲኮ አደባባይ ማዶ እወስዳለሁ። አንዱ ወፍጮ ቤት ሁሉንም እንዳያውቅ ነው። የመጨረሻዋን ቅመም በር ዘግቼ ራሴ እወቅጣታለሁ። የእኛ አገር ባለሙያ ሴት የምትፈራው ባለ ወፍጮን ነው።

ከምስክሮቹ አንዱ የሆነው ሐጂ አብዱልሃኪም እዚህ ላይ አቋረጠኝ።

«ወይንዬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ በርበሬ ብቻ ስትጭኚብኝ፣ ቅመሙስ የት ሄደ ብዬ መጠየቄ ነው ወንጀሌ?»

«ሐጂ፣ ያንተ አፍ የሚዘጋው ወፍጮህ ሲዘጋ ነው፤ ወፍጮህ ደግሞ በበዓል ዋዜማ እንኳ አይዘጋም» አልኩት።

ሁሉም ሳቁ። ማሂ ሳቁንም ልጻፈው ወይ አለች። ጻፊው አልኳት።

ሌባ በወፍጮ ቤት በኩል ይመጣል ብዬ ስጠብቅ በስሙ በኩል መጣ። ቅመሙን ቆልፌበት ስሙን ደጅ አሳድሬው ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። «ሶረቲ አዋዜ» የሚለው ስም ንግድ ፈቃዴ ላይ ነበር። ፈቃዱን በመስታወት አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው፣ ስሙ የኔ ነው ብዬ ተኛሁ። ፈቃድ ላይ ያለው የንግድ ስም ነው፣ ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈው ደግሞ የንግድ ምልክት ተብሎ ለብቻው በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ይመዘገባል ብሎ የነገረኝ የለም። ሐሰት አልናገርም፤ ቤካ ነግሮኛል። «እማዬ፣ ይመዝገብ፤ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ብሎ ነዝንዞኛል። እኔ «የልጄን ስም ማን ይወስዳል?» እል ነበር። አንድ ሰው ሌላ ሰፈር «ሶረቲ» ብሎ መሸጥ ሲጀምር ግን ደነገጥኩ። ያኔ ፊደል አላውቅም። ወጣት ጸሐፊዎች ፊት አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ መንከር አፈርኩና ቤካን «አንተ ሂድና በራስህ ፈርም» አልኩት። ሄደ፤ በራሱ ፈረመ። ምልክቱ በቤካ ስም ተመዘገበ። ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ተብሎ በጋዜጣ ወጥቶ ነበር አሉ። እኔ በዚያን ጊዜ ጋዜጣ የምገዛው ብልቃጥ ለመጠቅለል ነበር።

ያን ጊዜ ክፋት አልነበረበትም። ክፋቱ የመጣው በኋላ ነው። የራሱ ንግድ ሲከስርበት፣ ምልክቱን ከከተማ ወጣ ብሎ ላለ አንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ድርጅት ሸጠው። አልነገረኝም። ይህን ያወቅሁት ሜክሲኮ አንድ ሱፐርማርኬት ገብቼ፣ መደርደሪያ ላይ ካለ የላስቲክ ጠርሙስ የልጄን ስም ራሴ ሳነብ ነው። ማንም አላነበበልኝም። ፊደል ለመቁጠር ያን ያህል የደከምኩት ለዚህ ከሆነ፣ ሳላውቅ ብሞት ይሻለኝ ነበር።

ገዝቼ ቀመስኩት። ኮምጣጤ ነው። ደንበኞቼ እየመጡ «እማማ፣ ሶረቲ ተበላሸች እኮ፤ ምን ነካት?» ይሉኝ ጀመር። ቀጥሎ የድርጅቱ ጠበቃ በስሙ መጠቀም እንዳቆም ጻፈልኝ።

ቤካን ጠርቼ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እማዬ፣ ስም እኮ ነው። ለአዋዜሽ ሌላ ስም እናወጣለታለን።»

«ለእህትህስ? ለእሷም ሌላ እናውጣላት?» አልኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አብረን ማዕድ አልቀረብንም።

ሰው የማያውቅልኝን አንድ ነገር ይጻፍልኝ። በሥራ ቤቱ የሱቅ መስኮት ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሰው ሁሉ እየመጣ «ሶረቲ አለች?» ይለኛል። እኔም «አለች፤ ስንት ልስጥዎት?» እላለሁ። ልጄን ቀብሬ በሰባተኛው ቀን ሱቅ ስከፍት የመጀመሪያው ደንበኛ ይህንኑ ጠየቀኝ፤ «አለች» አልኩት። እንጀራዬም መጽናኛዬም እሱ ነበር። አሁን ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፍቄ፣ ሰው ሲጠይቀኝ «የለችም» እላለሁ። በሞተችበት ቀን እንኳ ይህ ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር።

የቅመሙን ነገር እንዲህ አድርጌዋለሁ። ባለፈው እሑድ ፀሐይቱን ለብቻዋ አስቀምጬ የመጨረሻዋን ቅመም በጆሮዋ ነገርኳት።

«እትዬ፣ እኔማ ከነጠላዎ ጠረን ካወቅኋት ቆየሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«መደበቅ ይወዱ ነበር፤ ደስታዎን ልንጠቅዎት?»

ከባዕድ የደበቅሁትን ባዕዷ ጠበቀችልኝ። ለልጅ አምኜ የሰጠሁትን ልጅ ሸጠው። ቅመሟን እዚህ አላስጽፍም፤ ማሂ እንደምትለው፣ የንግድ ሚስጥር ሚስጥር የሚሆነው እስከተጠበቀ ድረስ ነው። የአዋዜው ሙያ የፀሐይቱና የኢያኤል የጋራ ይሁን። ሁለቱንም አደራ የምለው ይህን ነው፦ አንዲት ብልቃጥ ሳትሸጡ በፊት የምታወጡለትን አዲስ ስምና ሥዕል በንግድ ምልክትነት አስመዝግቡ። ሲመዘገብ በሁለታችሁ ስም ይሁን፤ ጉዳይ ሊያስፈጽም በተላከ ሰው ስም አይሁን፣ ባል ቢሆን፣ ወንድም ቢሆን። በየሰባት ዓመቱ መታደሱን አትርሱ። አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥሩ ሚስጥር ጠባቂነቷን በጽሑፍ አስፈርሙ፤ አትፈሩ፣ ማስፈረም አለማመን አይደለም፤ እኔ ባስፈርም ኖሮ ዛሬ ልጄን እወደው ነበር። ሐጂ ወፍጮ ቤትም ሁሉንም አንድ ላይ አታስፈጩ፤ ይቅር ይበለኝ። ከሁሉም በላይ የልጅ ስም አታውጡለት። ቢወሰድባችሁ የማታለቅሱበትን ስም ፈልጉ።

የቀረው ክሱ ነው። ምዝገባው እንዲሰረዝና ስሙ እንዲመለስልኝ በድርጅቱና በቤካ ላይ ያቀረብኩት ክስ ገና አላለቀም። ይህን ክስ ለኢያኤል አውርሻለሁ፤ እስከ መጨረሻው ተከራክራ የአክስቷን ስም ታስመልስ ብዬ ነበር። ይህን ስናገር ሁለተኛው ምስክር፣ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ኃይለመለኮት፣ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ተቆጡኝ።

«እንዴ ወይዘሮ ወይንሀረግ፣ ልጅቷን ከአባቷ ጋር ችሎት ልታቆሟት ነው?»

«ታዲያ ዝም ብዬ ልሙት?»

ማሂም ገባችበት፦ «እማማ፣ ዝም ካሉ ደግሞ ክሱ እንደ ውርሱ ለቤካም ይተላለፋል።»

«ራሱን በራሱ ሊከስ?» አለ ሐጂ። በዚህኛው ግን ማንም አልሳቀም።

ኢያኤል በታመምኩ ጊዜ ሁሉ ደግፋ ያወጣችኝና ያስገባችኝ ልጅ ናት፤ አባቷንም ትወዳለች። ስለዚህ ከላይ «ለኢያኤል አውርሻለሁ» የሚለው ይሰረዝ፤ በስረዛው ላይ እኔም ምስክሮቼም እንፈርማለን። ክሱን እኔው በሕይወት ሳለሁ አነሣለሁ። ማሂ፣ ማመልከቻውን ነገ አዘጋጂ። ተሸንፌ አይደለም ልል ፈልጌ ነበር፤ ተሸንፌ ነው።

ከዚያ ማሂን አንድ ነገር ጠየቅኋት። ሶረቲ ከአባቷ ጎን ስትቀበር የተተከለው የእንጨት መስቀል በዝናብ ብዛት ጽሑፉ ጠፍቷል። ስሟ በየቀኑ በሰው አፍ ስለሚጠራ መቃብሩን ቸል ብዬው ነበር።

«መቃብሯ ላይ ስሟን ባስቀርጽስ ይከሱኛል?»

ማሂ ብዕሯን አስቀመጠች። «አይ እማማ፣ የነሱ መብት በሚሸጥ ዕቃ ላይ ነው። መቃብር ላይ ማንም አይከለክልዎትም።»

እንግዲያው ለቤካ ከቤቱ እኩሌታ ሌላ ይህን አውርሼዋለሁ፦ የእህቱን መቃብር ድንጋይ ያሠራ። ሰው አይላክ፤ ጠራቢው ዘንድ ራሱ ሄዶ «ሶረቲ ዋቅሹማ» የሚለው ተቀርጾ እስኪያልቅ ይቁም። ከዚያ ሌላ ጽሑፍ አይጨመርበት።

ቤካ አሁን ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ወራሽ ስለሆነ ቃሌን ስሰጥ እንዳይገባ ያልኩት እኔ ነኝ። ስንፈርም አስገቡትና ይህን ራሱ ያንብበው። አንብቦ ሲጨርስ እግሬ ላይ ቢወድቅ ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ያንን አላስጻፍኩም።

ይህ ኑዛዜ በምስክሮቼ ፊት ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ፣ በእጄ ስሜን ጽፌ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ወይንሀረግ ተሰማ (ፊርማ)

እኛም ምስክሮች ተናዛዧ በሙሉ አእምሮዋ ስትናገር በአንድ ላይ ሆነን ሰምተናል፤ ሲነበብም ነበርን፤ ስረዛውንም አይተናል፦

1ኛ. ሐጂ አብዱልሃኪም ሰዒድ (ፊርማ)
2ኛ. አቶ ኃይለመለኮት ደስታ (ፊርማ)
3ኛ. ወ/ሮ እንዳለች በየነ (ፊርማ)
4ኛ. አቶ ነገሪ ቶላ (ፊርማ)

ቃሉን የጻፍኩት ማኅሌት ግርማ፣ ጠበቃ (ፊርማ)