ከኋላ የረዘመው ኮት

ልጄ፣ ባለህበት ክፉ አይንካህ፣ እግርህን እንቅፋት አይምታው። እኛ ደህና ነን።

የአባትህ ቀዶ ጥገና አለቀ። ጎብጦ ደርቆ የቀረውን አከርካሪውን ሐኪሙ ቆርጦ አቃንቶ በብረት አሰረለት። ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ አላለቀስኩም፣ አልጸለይኩም፤ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ሳይ ዋልኩ። እህትህ ጥርሷን አስነቀለች። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።

ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ኮቱን ይዤለት ሄድኩ፤ እኔው የሰፋሁለትን፣ ለጎባጣ ሰው እንደሚሰፋው ከኋላ ረዘም ከፊት አጠር ያለውን። ዕድሜዬን በልብስ ሰፊነት ጨርሼ ይሄን አላሰብኩም። ሲለብሰው የኮቱ ፊት እምብርቱ ላይ ቀረ፣ ኋላው ተንዘላዘለ።

«ይሄ የማን ነው?» አለኝ።

«የአንተ ነዋ።»

ነርሷ ሳቀች፣ እሱም ወገቡን ይዞ ሳቀ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል፤ እንኳን አብሮ ደስ አለን እላለሁ፣ ከአፌ ብቻ።

ትናንት አዲስ ኮት ልሰፋለት ፊት ለፊቱ ቆሜ ለካሁት። ትከሻው ጋ ለመድረስ ተንጠራራሁ። ስንት ዘመን አናቱን ሳይ ኖሬ፣ ቀና ስል ያንተ ፊት ጠበቀኝ፤ ሽበት ያወጣህ አንተ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። እሱ ከእንግዲህ ማጎንበስ አይችልም፣ እኔም አላነሳሁትም።

ጤናውን አብዝቶ ይስጥህ፣ የሰው ፍቅር አያሳጣህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ስትደውል በድምፅ ብቻ አይሁን፣ ፊትህን አሳየው። የሸኘህ ዕለት ያየው ጫማህን ብቻ ነበር።

እናትህ