ቤተሰቡ ያልቀመሰው በግ፦ የወይዘሮ ፈትለወርቅ ዋለ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ዋለ ፈንታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንዱ አዳነ በ1934 ዓ.ም. በእስቴ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሴት ልጅን ትምህርት ቤት የሚልክ ስላልነበረ ፊደል የቆጠሩት ወልደው ከብደው፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። መማር አላሳፈራቸውም፤ መሟገትም እንዲሁ።

በ1952 ዓ.ም. ከአቶ ጸጋዬ ተድላ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኑሯቸውን በአርብ ገበያ አደረጉ። አዛለችን፣ ዳኛቸውንና ውድነሽን ወለዱ። አቶ ጸጋዬ በ1971 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ጠላ እየጠመቁ፣ ገበያተኛ እያሳደሩ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ቤቱ መጠለያቸውም እንጀራቸውም ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ክረምት ጎረቤታቸው አቶ አስማረ ድንጋይ ለማውጣት ከቤቱ ሥር ቆፈሩ። ዝናቡ ገባበትና ግድግዳው ተናደ። አቶ አስማረ ግን፣ “ያረጀ ቤት በራሱ ጊዜ ወደቀ” አሉ። ሽማግሌ ገብቶ አልሆነም፤ ነገሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው መሠረቱን አይቶ የሚመሰክር ባለሙያ እንዲቀርብ አዘዙ። የአካባቢው ግንበኛ ሁሉ የአንዱ ወይም የሌላው ዘመድ ስለሆነ ግንበኛው አቶ ራሺድ አብዱልመጂድ ከንፋስ መውጫ ተጠሩ።

ለአቶ ራሺድ ድካምና ለበቅሎ ኪራይ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ያለቻቸውን አንዲት ጊደር ሸጡ። ጊዜው የረሃብ ጊዜ ነበር። ዘመድ “ተይው፣ ይቅርብሽ” ቢላቸው፣ “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች” ብለው ዘጉት። እልኸኛ ነበሩ፤ ዛሬ ስለቀበርናቸው አንደብቀውም።

ከሩቅ የመጣን ሰው በደረቁ ማስተናገድ አልሆነላቸውምና ለፋሲካ ያሰቡትን በግ አወጡ። ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን ስለማይበላ ጎረቤታቸው አቶ ጁሃር አረዱት፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አይሻ እዚያው ግቢ በራሳቸው ድስት ሠሩት።

አቶ ራሺድ ግድግዳው የወደቀው በቁፋሮው መሆኑን መሰከሩ፤ ቤቱ በአቶ አስማረ ወጪ እንዲሠራ ተፈረደ። ዋናው ሙግት የመጣው ወይዘሮ ፈትለወርቅ ባለሙያውን ለማምጣት ያወጡትን ወጪና ኪሳራ ሲጠይቁ ነው። አቶ አስማረ፣ “ከልጆቻቸው ጋር በግ አርደው የበሉትን ለባለሙያ አወጣሁ ይላሉ፤ ሌላውም ሂሳብ እንደዚሁ ነው” ብለው ተቃወሙ። ዳኛውም ተጠራጥረው ጥያቄውን በሙሉ ሊጥሉት ቃጣቸው። ያ ቢሆን ቤቱ ይቆማል እንጂ ጊደሯ ቀርታ ነበር።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተነሥተው፣ “ጌታዬ፣ በጉን ያረደው ጁሃር ነው። እኛ ክርስቲያን ነን። ልጆቼ ሽታውን እየሰሙ ሽምብራ ቆርጥመው ነው ያደሩ” አሉ። አቶ አስማረ አንገታቸውን ደፉ። የባለሙያው ድካም፣ የበቅሎው ኪራይና የበጉ ዋጋ ሁሉ እንዲከፈል ታዘዘ። በዚያው ገንዘብ ሌላ ጊደር ተገዛች። ወልዳ ታልባ፣ ልጆቹ ያን ክፉ ዘመን በወተቷ አለፉ።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ባደረባቸው የልብ ሕመም በደብረ ታቦር ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በ47 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሦስት ልጆችና አንድ የልጅ ልጅ ትተዋል።

ዛሬ ጠዋት መቃብራቸውን ለመቆፈር ከሁሉም ቀድመው ዶማ ያነሡት አቶ አስማረ ናቸው። ስለ ተዝካሩ ሲወራም፣ “የእነ ራሺድንና የእነ ጁሃርን በግ እኔ ነኝ የማመጣ” ብለዋል። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ማንም አላዘዛቸውም።

እውነትን ያለ ምስክር የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።