ለእማማ ዴስፒና ያልተነገረው መርዶ

ለንደን፣ ሆሎዌይ
የካቲት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ ለስግደቱ እሺ አለሽ ወይስ እንደ ዓምናው ተቀምጠሽ ነው የምታስቀድሺው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ሰውነቴ ደህና ነው። እንቅልፍ ግን ከራቀኝ ሰነበተ። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ከሥራ ስወጣ አውቶቡሱን ትቼ ከፊንስበሪ ፓርክ እስከ ቤት በእግሬ እመጣለሁ፤ ቤት ስደርስ ደግሞ ተመልሼ መውጣት ያምረኛል። በስልክ ያልሆነልኝን በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው።

ቤታቸው ክፍል የተከራየሁትን ግሪካዊት፣ እማማ ዴስፒናን፣ አንስቼልሽ አውቃለሁ። ዛሬ የእሳቸውን ነገር በደንብ ልንገርሽ። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና እየተጠጋ ነው። ፎቶውን ብቻ ያዩትን ሰው ለማግባት ከአንዲት ደሴት በመርከብ ሲመጡ ገና ልጃገረድ ነበሩ። ባላቸው ጫማ ሰፊ ነበር፤ ሁለተኛ ልጃቸው ዳዴ ሳትል ሞተባቸው። ቀን ልብስ ፋብሪካ እየሰፉ፣ ማታ የሰው ቀሚስ እያሳጠሩ ሁለቱንም አሳደጉ፣ አስተማሩ። ሌላ ባል አላማራቸውም። ለቅዳሴው የሚሆነውን ኅብስት የሚጋግሩት፣ የመሠዊያውን ልብስ አጥበው የሚተኩሱት እሳቸው ናቸው፤ ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ። ሥርዓታቸው ከእኛ ስለሚለይ አልቆርብም። ግን ክንዳቸውን ይዤ እወስዳቸውና ከኋላ እቆማለሁ። «ኪርያላይሶን» ሲሉ እሱን እንኳ አውቀዋለሁ።

ትልቁ ልጃቸው አንቶኒስ አውስትራሊያ ነበር የሚኖረው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይደውላል፤ እሳቸው ድምፁን ሳይሰሙ ምሳ አይቀምሱም። በጥቅምት ድንገት ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ። እህቱ ኤሌኒ ወጥ ቤት ውስጥ በሩን ዘግታ ነገረችኝ። እናቴ በዚህ ዕድሜዋ ይህን ከሰማች አትተርፍም፤ አደራሽን፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ ብላ እጄን ይዛ አለቀሰች። ምን ልበል? እሺ አልኳት። የቤቱ ሰው ሳልሆን የቤቱ ምስጢር ውስጥ ገባሁ።

እሁድ ደረሰና ስልኩ ሳይጮህ ቀረ። እማማ ዴስፒና አንቶኒስ ምን ሆኖብኝ ነው አሉ። ጉሮሮውን አሞታል፣ ድምፁ ተዘግቷል አልኳቸው። በሚቀጥለው ደግሞ ለሥራ ሩቅ ገጠር ሄዷል፣ እዚያ ስልክ የለም አልኩ። እማዬ፣ ውሸቱ እንዴት ቀለለኝ መሰለሽ! ተዘጋጅቶ እንደተቀመጠ ነገር ከአፌ ወጣ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ከማን እንደተማርኩት አሰብኩ።

ከሰኔ ጀምሮ አባዬን አቅርቢልኝ ስልሽ የምትመልሺልኝ ትዝ አለኝ። ጉሮሮውን አሞታል። ጠበል ሄዷል። ወንድሙ ጋ ገጠር ወርዷል። አንድ ጊዜማ ጎረቤታችን ውባንቺ ስልኩን አነሳችና፣ አባዬስ ስላት ፈጥና ስልኩን ለአንቺ አቀበለች። ከምርጫው በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲታፈስ፣ «አንቺ ብቻ ውጪልኝ፤ እኔ የትም አልሄድም» ያለኝ ሰው ገጠር ለገጠር ይዞራል ብዬ እንዴት ልመን? ልጠይቅሽ ፈራሁ፤ ልተወውም አልቻልኩም። ይኸው እስካሁን በየመንገዱ እዞራለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ በቅበላው ቅዳሜ፣ እነሱም ጾም ከመግባታቸው በፊት ሙታናቸውን የሚያስቡበት ቀን ነበር። ዋዜማውን እማማ ዴስፒና ስንዴ ቀቀሉ። እኛ ለቅሶ ቤት የምንቀቅለው ንፍሮ! ለውዝና ሮማን ጨምረው ስኳር ነሰነሱበት እንጂ ያው ንፍሮ ነው። ለማን ነው ብላቸው ለባሌና ለእናቴ አሉኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰዉ በየተራ እየቀረበ ለቄሱ የሙታኑን ስም ይናገራል። ኤሌኒም መጥታ ነበር። እማማ ዴስፒና ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ቀረቡ። የባላቸውን ስም ጠሩ፣ የእናታቸውን ጠሩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ሳያወርዱ «አንቶኒስ» አሉ።

ኤሌኒ አፏን በእጇ ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። እሳቸው ናቸው ሄደው ያቀፏት። በግሪክኛ ያሏትን ኋላ ነገረችኝ፤ ልጄ እሁድ ሳይደውልልኝ ሲቀር እንደሞተ ያን ዕለት አውቄያለሁ፤ እናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ ዝም አልኩ፤ አሁን ግን ብቻዬን ማልቀስ ደከመኝ ነው ያሏት። ሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ እንደ ልባቸው አለቀሱ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አባትሽ ማን ይባላል አሉኝ። የመኝታ ቤቶቻችን ግድግዳ ስስ ነው፤ ስልክሽን ከዘጋሁ በኋላ «አባዬ» እያልኩ ማልቀሴን ይሰማሉ፤ የቃሉን ትርጉም የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። እጃቸውን ክንዴ ላይ አድርገው ጠበቁኝ።

የክርስትና ስሙን፣ ሀብተ ማርያም አልኩ። ቄሱ መጥራት አቃተው። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ ነገርኩት።

እማዬ፣ በጣም ልቀየምሽ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። በሰው አገር ብቻዋን ነች፣ ማን ይይዛታል ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። የያዙኝ አሮጊት አሉ። እዚሁ ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ያለውን ያገራችንን ልጅ ኪዳኔን በማለዳ መጥቶ እንዲያረዳኝ አደራ ብለሽው ከሆነ አሳርፊው፤ ሰሞኑን ደውሎ ማለዳ ማለዳ ቤት ትኖሪያለሽ ወይ ሲለኝ ገብቶኛል። ወረቀቴ ገና አላለቀም፤ ልምጣ ብልም አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ የሰኔ ስንት ቀን ነበር?

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ውባንቺን አልተቀየምኩሽም በያት። ደብዳቤው እስኪደርስሽ ጠብቄ እሁድ እደውላለሁ። ድምፅሽ ቢሰበር ስልኩን እንዳትዘጊብኝ፤ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ።

ያንቺና የእሱ ልጅ