ከጎሉ ጀርባ ልጆች ያልነበሩበት ጨዋታ

ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ፣ የወደቡ ሥራስ እንዴት ነው? ብርዱ በረታ ብለኸን ነበር፤ የላክንልህ ሹራብ እጁ አጠረህ ወይስ ልክህ ሆነ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ ልብህ እንዳይሰቀል አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው። ልጅህ ሚጣ ደህና ናት። ይህን ስጽፍልህ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ የጫማዋን ክር ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች።

እማማ እንዳልጽፍልህ ነበር የፈለገችው። በሰው አገር ሆኖ ምን ሊያደርግ ነው፣ ሐሳብ ብቻ ነው የምትጨምሪበት አለችኝ። አባባ ግን፣ ወንድምሽ አባቷ ነውና ይወቅ አለ። እኔም የአባባን ሰማሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሜዳው ነው። ጓንትህን ሰቅለህ ከሄድክ ወዲህ ሜዳው ብዙም አልተለወጠም፤ ያው የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ያው ረጅሙ የውሃ ማማ፣ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ እየተነሳ ሣሩን የሚያለብሰው ያው ጉም። ሰው አሁንም ቤታችንን "የበረኞቹ ቤት" ነው የሚለው። አንተ የጎል በረኛ፣ አባባ የሜዳው በር በረኛ፤ አንዱ ምንም አያስገባም፣ ሌላው ማንንም አይመልስም እያሉ ይስቁብን የለ። እውነትም አባባ ልጅ መልሶ አያውቅም ነበር። ልጆች ሁሌም በነፃ ይገባሉ፣ ከጎሉ ጀርባ ሣሩ ላይ ይደረደራሉ። የሚጣ ቦታ በግራው ቋሚ በኩል ነው። ለምን እዚያ እንደምትቀመጥ ስጠይቃት፣ አባዬ የሚወረወረው ወደዚህ ነበር አለችኝ። ስትጫወት አይታህ አታውቅም እኮ፤ ሰው ሲያወራ ሰምታ ነው።

ዘንድሮ ነፋሱ የተጫዋቾቹን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደው። በዚህ ጊዜ የክለቡ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ማሊያ የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ እኔም ተጠርቼ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ገንዘብ ያዡ ዳቦ ጋጋሪው ናቸው፤ ሰፈሩ "ጋሽ ቁጠባ" ይላቸዋል። እሳቸው ናቸው ልጆችም የአዋቂውን ግማሽ ይክፈሉ የሚለውን ሐሳብ ያመጡት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የዳኛው አበል አለ፣ ኳስ ያልቃል፣ ጣሪያው ደግሞ ተገልብጦ ሰማይ እያየ ነው። ለከረሜላ የሚያወጣ ልጅ ለጨዋታ ቢያወጣ ምን ይለዋል፣ ከፍሎ የገባ ልጅ ክለቡን የራሴ ይለዋል አሉ። ሲናገሩ ለእኔም ትክክል መስለውኝ ነበር። አባባ ብቻ ከበሩ አጠገብ ቆሞ፣ "የሌለውስ?" ብሎ ጠየቀ። የሌለው ቤተሰቡን ይጠይቅ ተባለ። እጅ ወጣ፣ ጸደቀ።

የጨዋታው ቀን ሚጣ ከጓደኞቿ ጋር መጣች። አባባ የእሷን ቲኬት ከኪሱ ገዝቶ በመዳፉ ይዞላት ነበር። ተቀበለችው፤ ከዚያ ዞር ብላ ጓደኞቿን አየች። "እነሱስ?" አለችው። "ለሁሉም አልቻልኩም፣ የኔ ልጅ" አላት። ሚጣ አላለቀሰችም፣ አልተነጫነጨችም። ቲኬቱን መልሳ መዳፉ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት። ከዚያ አጥሩን ይዘው ሄዱ። አባባ ወደ ቤት የሄዱ መስሎታል፤ እኔም እንደዚያው።

ያን ቀን ጉሙ አልገፈፍ አለ። ተጫዋቾቹ ደብዝዘው ነው የሚታዩት፣ ከወገባቸው በታችማ ጭራሽ የሉም፤ በወተት ውስጥ የሚሮጡ ነው የሚመስሉት። ሰው ቦታ ቦታውን ይዟል፣ ጨዋታውም ክፉ አልነበረም፤ ግን ከጎሉ ጀርባ ማንም የለም። ምን እንደጎደለ ቶሎ አልገባንም። ኳሷ ስትመታ ድምጿ ወዲያ ማዶ ካለው ግድግዳ ደርሶ ይመለሳል። አንዱ ተጫዋች ሲያስነጥስ ሌላኛው ቡድን "ይማርህ" አለው። ጎል ገባ፣ አጨበጨብን፣ ጭብጨባው ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ እዚያው ወደቀ። እኔ ሌላ ሰው የሚያየው ሕልም ውስጥ ሳላውቅ የገባሁ መሰለኝ። ለአፍታ ያህል፣ ትስቅብኝ ይሆናል፣ ከጉሙ ወዲያ ጎሉ ላይ የቆምከው አንተ መሰልከኝ። ትከሻህን እንደዚያ ዘንበል አድርገህ። ልጠራህ ሁሉ አፌን ከፍቼ ነበር።

የቆመው የጎሚስታው ልጅ ነው፤ አሁን በረኛችን እሱ ነው። ኳሷ በወዲያኛው ጎል በኩል ሳለች ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። እጁን አነሳ። ዳኛው መጀመሪያ አልገባውም፣ ኋላ እሱም ቀና አለና ፊሽካውን ነፋ። ሁላችንም ዞርን። ጉሙ ከላይ ከላይ መገፈፍ ጀምሮ ነበር፤ የውሃ ማማው አናት ብቻ ከጉም ወጥቶ ተንሳፍፏል። ጠርዙ ላይ ልጆች እንደ እርግብ ተደርድረዋል። ከመካከላቸው አንድ ቀይ ነገር አለ። ያን ቀይ ሹራብ በእጄ ነው የሠራሁት፣ ወንድምዓለም። የሚጣ ነው።

በጉም ውስጥ መሰላሉን ይዘው ሲወጡ ከፍታው አልታያቸውም። ጉሙ ሲገፈፍ ነው ምድር የት እንዳለች ያዩት፤ ከዚያ በኋላ አንዳቸውም መንቀሳቀስ አቃታቸው። ትንሹ ማልቀስ ጀመረ፣ ለቅሶውም ሜዳው ድረስ ይሰማል።

ማን እንዳሰበው እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ወደ ጎሉ ሮጠው መረቡን ፈቱ። የማይፈታውን በጥርሳቸው በጠሱት። መረቡን በበሩ አሳልፈው ማማው ሥር ዘረጉት፤ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ያዘ። ተጋጣሚው፣ ደጋፊው፣ ዳኛው፣ ጋሽ ቁጠባም ዱቄት ባልተራገፈው እጅጌያቸው። እኔም ያዝኩ። ገመዱ እርጥብ ነበር፤ የማስታውሰው እሱን ነው። አባባ በዚያ ጉልበቱ መሰላሉን ሊወጣ ሲል የጎሚስታው ልጅ በቀስታ ገለል አደረገውና፣ "አባባ፣ እርስዎ በሩን ይጠብቁ፣ ይሄኛው የኔ ነው" ብሎ ወጣ። አንድ በአንድ በጀርባው አዝሎ አወረዳቸው። ሚጣ መጨረሻ ላይ ነው የወረደችው፤ ትንንሾቹ ይቅደሙ ብላ ነው አሉ። ዐይኗን ጨፍና አንገቱ ላይ ተጣብቃ መጣች። እግሯ መሬት ሲነካ፣ "ደረስን?" ብላ ጠየቀች።

ማንም አልወደቀም። መረቡ ላይ ያረፈው የአንዱ ልጅ ቆብ ብቻ ነው። ግን ልጆቹ ሁሉ ወርደው ካለቁ በኋላም ሰው መረቡን አልለቅ አለ፤ ወደ ላይ እያየን ይዘን ቆምን። የጋሽ ቁጠባን ጣቶች ከገመዱ ያላቀቅኳቸው እኔ ነኝ። በኋላ ሚጣን ፈርተሽ ነበር ወይ ብላት፣ መረቡን ከላይ ሳየው ሌላ ጉም መሰለኝ፣ ሰዎቹ የያዙት ጉም አለችኝ። አባባ ጫማዋን አውልቆ እግሯን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ ደህና መሆኗን አየ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ አልተነሳም።

ኮሚቴው በማግስቱ ተሰበሰበ፤ ያ ስብሰባ ስንት ነገር አሰማን መሰለህ። ማማውን በሽቦ እንጠር፣ ክፍያው ይቀጥል ያለም ነበር። ጥፋቱ የልጅ እንጂ የክፍያ አይደለም ያለም ነበር። የጎሚስታው ልጅ፣ ከጀርባዬ ልጆች ከሌሉ ለማን ብዬ ነው የምወረወረው አለ። ጋሽ ቁጠባ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፤ ቢሆንም ክፍሉ አሁንም ጣሪያ ይፈልጋል አሉ፤ አልተሳሳቱም። ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ከአዋቂ ጋር የመጣ ልጅ በነፃ ይግባ፣ ብቻውን የመጣ ግን ይክፈል ተብሎ ተወሰነ። አባባ ይህንንም አልወደደውም። እናት አባቱ በእረፍት ቀን ሥራ የሚውሉበትን ልጅ ማን ይዞት ይመጣል ብሎ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

ትናንት ጨዋታ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ልጆቹን እንደ ጫጩት አስከትሎ። አባባ ፊቱን ኮስተር አድርጎ "እነዚህ የማን ናቸው?" አለው። "የኔ ናቸው" አለ። "ባለፈው ሳምንት ላጤ ነበርክ እኮ" አለው አባባ። "በሳምንት ብዙ ይሆናል" አለና ገባ። ከእሱ በኋላ ሰዉን ማን ይቻለው። ሌሊቱን ሥራ ላይ ያደረችው ነርስ ሁለት እጇን በልጆች ሞልታ መጣች። የተጋጣሚው ቡድን አውቶብስ ሾፌር ሳይቀር ስሙን የማያውቀውን ልጅ ትከሻው ላይ አውጥቶ "ይሄ የኔ ነው" አለ። አባባ እያንዳንዱን በወጉ ይጠይቃል፣ በወጉ ያሳልፋል።

እኔ ከስፌት ቤት ዘግይቼ ወጥቼ ስደርስ ሚጣን ከሩቅ አየኋት። አባባ ሥራ ላይ ስለሆነ ሊያስገባት አይችልም፤ እኔን ስትጠብቅ በሩ አጠገብ ቆማለች። ከመድረሴ በፊት ጋሽ ቁጠባ መጡ። ልጅ እንደሌላቸው ታውቃለህ። አዩዋት፣ ቆሙ፣ እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉና ዘረጉላት። ለአባባም "ይህቺ የኔ ናት" አሉት። ሚጣ እጃቸውን ያዘች፤ ግን ቀና ብላ፣ "እኔ አባት አለኝ፣ መንገድ ላይ ነው። እስኪደርስ ግን ከእርስዎ ጋር እገባለሁ" አለቻቸው። ጋሽ ቁጠባ በጣም ቁምነገር እንደሰሙ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አባባም ሁለቱን አሳለፋቸው። እኔ ከበሩ ውጭ ቀረሁ።

ወንድምዓለም፣ መንገድ ላይ ነው ብሎ የነገራት ማንም የለም። እኔም ገና አልተነሳም ብዬ አላረምኳትም። ያለችውን እንዳለች ጻፍኩልህ፤ መልሱን ለእሷ ጻፍላት።

እማማ ምንም እንዳልሰማህ ሁን፣ ብቻ ወገብህን አሙቅ ትልሃለች። አባባ ሰላም ብሎሃል፤ ከዚያ በላይ ሊል ፈልጎ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ሄዶ ተመልሷል። የጎሚስታው ልጅ የድሮ ጓንትህን ቢሰጡኝ ብሏል፤ ፈቅደህለት እንደሆነ አስታውቀኝ። እዚያ አብሮህ ለሚያድረው ጓደኛህ፣ ሻይ ለምታፈላላችሁ እናትም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሚጣን ምን ልጻፍልሽ ብላት አሰብ አድርጋ፣ አሁን ምንም፣ ሲመጣ በግራው በኩል ቦታ ይዤ እነግረዋለሁ አለች።

ናፍቆትህ የጸናባት ታናሽ እህትህ

ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ጉሙ በተገፈፈ ማለዳ፣ ከጨዋታው ማግስት