«እምቢ ያሉ» የተባሉት አርባ አንድ ሴቶች

ውድ አዋላጅዋ እህቴ፣

ከለቀቅሽ ሰባት ወር ሆነሽ። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አትደንግጪ፣ የተናደድኩት በራሴ ነው።

ያን የሰኞ ስብሰባ አትረሺውም። ከወሊድ በኋላ ደም ስለሚፈሳቸው እናቶች ለምናጠናው ጥናት ካስገባናቸው ሴቶች ውስጥ ያንቺን ቋንቋ የሚናገሩት ስድስት ብቻ ነበሩ። በማዋለጃ ክፍላችን ግን ከሦስት ወላድ አንዷ የናንተ ሰው ናት። እኔ ሰንጠረዡን ዘርግቼ፣ «አርባ አንዱ እምቢ ብለዋል፣ ጎትቼ ላምጣቸው?» አልኩ።

«ዶክተር፣ እምቢ ለማለት እኮ መጀመሪያ መጠየቅ አለባቸው» አልሽ። ሰው ሳቀ። እኔም፣ «አንቺ ማዋለድሽን ያዢ፣ ቁጥሩን ለኔ ተዪው» አልኩሽ። በማግስቱ ጋውንሽን አጥፈሽ ጠረጴዛዬ ላይ ትተሽልኝ ሄድሽ።

ሦስት ጊዜ ተደውሎላት ያልተገኘች ሴት «እምቢ ያለች» ተብላ ትመዝገብ የሚለውን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ከአርባ አንዱ ሴቶች አንዷ ሁለተኛ ልጇን ወለደች። ደህና ናት ተብላ በወጣች በሁለተኛው ቀን በደም ተነክራ ተመለሰች። ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሲነጋ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁት አማቷ ያስተረጉሙልኝ ነበር።

«አምና ስንደውልላት ለምን አላነሳችም?» አልኩ።

«ስልኩ የኔ፣ ሆዱ የሷ!» አሉ አማትየው። «አንዲት ልጅ እየደወለች በቋንቋችን ትንተባተብብኛለች። ዕቃ ልትሸጥልኝ መስሎኝ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። አንተ ነህ አለቃቸው?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«ታዲያ ልጄ፣ ለምርመራ ስንት ጊዜ ስትመላለስ እዚሁ ወንበር ላይ አልነበረችም? አፍ የላችሁም?»

የመውጫ ቅጿን አነሳሁ። ከጥናታችን የቀዳነው ቅጽ ነው። «ስንት ፓድ ቀየርሽ?» ለሚለው ዜሮ ተጽፏል። በአማቷ በኩል ጠየቅኳት። ፓድ ይዛ አታውቅም፤ ጨርቅ ነው የምትጠቀመው። ስድስት ጨርቅ በደም አርሳ ነበር። የተጠየቀችው ስለ ፓድ ነውና ዜሮ አለች። እኛም ደም የለም ብለን ሸኘናት። ከናንተ ሴቶች አስር እንኳ ጥናቱ ውስጥ ቢኖሩ ይህ ጥያቄ አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ደንቡን ሰረዝኩት። በክትባት ቀን የናንተን ቋንቋ የምትናገር ነርስ ይዤ እናቶቹን ፊት ለፊት መጠየቅ ጀመርኩ። እስካሁን ሃያ ዘጠኙን አግኝተናል። ሃያ ስድስቱ እሺ አሉ። ሦስቱ እምቢ አሉ፤ አንዷማ «ሥራ ፈት!» ብላኛለች። እምቢታ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር መሆኑን በሃምሳ አራት ዓመቴ ገና አየሁት። አምስት እናቶች ደግሞ ከኛ ጋር ቁጭ ብለው ቅጹን እያረሙ ነው። ከኔ የባሱ ነዝናዞች ናቸው፤ አንድም ቃል አያልፋቸውም።

ያንን ስብሰባ ደግሜ ጠራሁ። የሳቁት ሁሉ ባሉበት፣ ልክ የነበርሽው አንቺ እንደሆንሽ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ይህ ዕዳዬን አያወርደውም። ጥናቱን ግን አንቺ እንድትመሪው እፈልጋለሁ፤ በኔ ሥር አይደለም፣ እኩል ሆነን። ኮሚቴው ተስማምቷል፤ ካልተስማማ እለቃለሁ ብዬ ነበርና ሳይቸኩሉ አልቀሩም።

ሐሙስ ከሰዓት የምትሠሪበት ጤና ጣቢያ መጥቼ ፊት ለፊት እጠይቅሻለሁ። ተራ ይዤ እጠብቃለሁ። የምትመልሽልኝ ምንም ይሁን ምን፣ ካንቺ አፍ እንደወጣ እቀበለዋለሁ።

ዘግይቶ የገባው
የቀድሞ አለቃሽ