ስለ ኋላው በር ሰንሰለት

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የስፌት ክፍል ወጣቶች፣ ሳሉ አልለቀን ብሎ እንጂ፣ ደኅና ነን። «ወጣት ሠራተኞች ከመሥሪያ ቤታቸውና ከአለቆቻቸው ምን ይፈልጋሉ?» የሚለው መጠይቅዎ ደርሶናል። ከማክሰኞው ጭስ ሦስት ቀን በኋላ መምጣቱ ምን ያህል እንደሚያስቡልን ያሳያል። ለመልሱ የተተወችልን አንዲት መስመር ስለሆነች፣ የተረፈኝን በአደባባይ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ የኋላውን በር ሠራተኛ ሾልኮ እንዳይወጣ ብለው በሰንሰለት ስላስቆለፉልን እናመሰግናለን። ማክሰኞ ከፊተኛው በር አጠገብ ያለው የመተኮሻው ማሽን ገመድ ተቃጥሎ ክፍሉ በጭስ ሲታፈን አርባ ሦስታችንም ወደዚያ ሮጥን፤ ሰንሰለቱ ንቅንቅ እንዳላለ ምስክሮችዎ ነን። መቀመጫዋ ከበሩ ሥር የሆነችው ታናሽ እህቴ ከፊት ሆና በሩ ላይ ተለጠፈች፤ ከኋላ የምንገፋት እኛ ነበርን። እኔም ገፍቻለሁ። መካኒኩ ደርሶ ኤሌክትሪኩን ባያጠፋው ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው አያገኙም ነበር።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታ መነሣት» በሚል ለእያንዳንዳችን ስለደረሰን ማስጠንቀቂያ ምስጋናችን ይድረስዎ። በሚቀጥለው ጊዜ ስንታፈን ፈቃድ በጽሑፍ እንጠይቃለን።

ሦስተኛ፣ ሰንሰለቱ ዓይናችንን እንዳያስከፋው «ወጣትነት ኃይል ነው» የሚል ትልቅ ፖስተር ሰቅለውበታል። ያምራል።

መጠይቅዎ ቲሸርት፣ የጠረጴዛ ቴኒስና የአመራር ሥልጠና እንድንመርጥ አቅርቦልናል። እግዜር ይስጥልን፤ እኛ የፈለግነው ግን በሩ እንዲከፈት ብቻ ነው። ፈርተናል። እኔማ አንድ ነገር በሸተተኝ ቁጥር ወደ በሩ ዞር እያልኩ ስፌቱ ይጣመምብኛል፤ ተቆጣጣሪዋም ስለተጣመመው ይቆጡኛል። የበሩ ቁልፍ ከመኪናዎ ቁልፍ ጋር ተንጠልጥሎ፣ ምሳ ሲወጡ አብሮዎት ሲወጣ በየቀኑ በመስኮት እናየዋለን።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ፍርሃት፣

እንደተቆለፈባት የምትገኘው ታዛዥ ሠራተኛዎ፣
እጅጌ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ መጠይቁ ስም አይጻፍ ስለሚል አልጻፍኩም። ሆኖም የእጅ ጽሑፍ ለማመሳከር አርባ ሦስት ሰው አሰልፈው እንዳይደክሙ፣ ከጭሱ በኋላ ካለው ሰኞ ጀምሮ ከእህቴ ጋር መቀመጫ ተቀያይረናል፤ ከፖስተሩ ሥር የምቀመጠው እኔ ነኝ። በዚያ በኩል የትም እንደማልሄድ እርስዎ ራስዎ አረጋግጠዋል።